ነጅሙዲን ያላሳየው እግር

ነጅሙዲን ግራ እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ጥርሱን ይነክሳል። በአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ታንድራ በሚሉት ዛፍ አልባ ሜዳ ላይ በእግር መጓዝ ከጀመሩ አምስተኛ ቀናቸው ነው። መሬቱ ለጠላትም አይመኙት። ሣር የለበሰውን ጉብታ ሲረግጡት ይንሸራተታል፣ በጉብታዎቹ መሀል ሲረግጡ እግር ይሰምጣል። ሰባት መንገደኞች ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው በአንድ መስመር ይሄዳሉ። ከፊት የምትመራቸው ሀዲያ፣ የነጅሙዲን ልጅ ናት።

ጭንቁም የመጣው ከዚሁ ነው። ሀዲያ ሁለት ዓመት በረዳትነት ሠርታ በዋና መሪነት ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ነገ ጠዋት ከፊታቸው ካለው ወንዝ ማዶ የምትመልሳቸው ትንሽ አውሮፕላን ትጠብቃቸዋለች። በእሷ እጅ ሰው ተጎድቶ ጉዞው ቢሰናከል፣ አሠሪዎቿ መሪነቱን መልሰው እንደሚወስዱባት ነጅሙዲን ያውቃል። ስለዚህ እግሩ ቢወልቅም ትንፍሽ አይልም።

ነጅሙዲን የደሴ ልጅ፣ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከዌስትቼስተር ሆቴሎች ወደ ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አሥራ ዘጠኙንም ዓመት ከመሪ ኋላ ተቀምጦ ነው ያሳለፈው። ሀዲያ የነርስነት ሥራዋን ትታ ፈረንጅ እየመራች ሰው የሌለበት አገር ልትዞር ነው ሲባል አንድ ዓመት አኩርፏታል። ዋና መሪ መሆኗን የሰማ ዕለት ግን ለሚስቱም ሳይነግር ስሙን ከተጓዦቹ ጋር አስመዘገበ። በዓይኑ ካላየ የማያምን ሰው ነው።

ከዚያማ የሎስ አንጀለሱ ሐበሻ ሰፈር፣ የፌርፋክስ ሰው ሥራ ፈትቶ ያየው ጀመር። ሃያ አምስት ፓውንድ የጤፍ ዱቄት በቦርሳ ተሸክሞ ከኦሎምፒክ ጎዳና እስከ ፒኮ ጎዳና፣ ከፒኮ እስከ ኦሎምፒክ ይመላለሳል። ዱቄቱን የሸጠለት ባለሱቁ ሳላሀዲን በር ላይ ቆሞ፣ "ነጅሙ! ሐጅ በእግር ነው እንዴ ያሰብከው? በል፣ እዚሁ ፓርክ አድርግና ሻይ ጠጣ!" ይለዋል።

ሀዲያ በስልክ፣ "አባዬ፣ አዲሱን ጫማ አንድ ወር አድርገው፤ እግርህን ይልመድ" ብላው ነበር። እሱ ግን ጋርዴና ድረስ ሄዶ የገዛውን ያን የመሰለ ጫማ አስፋልት ላይ ሊጨርሰው አልፈለገም። እንደ ዒድ ልብስ ከነካርቶኑ አስቀምጦ በአሮጌ ስኒከር ተለማመደ። ስትጠይቀው ግን አፉን ሞልቶ፣ "አድርጌዋለሁ" አላት። የኛ ሰው ለአዲስ ዕቃ ያለው ክብር ለእግሩ ቢኖረው ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ተረከዙ በሁለተኛው ቀን ነደደ። ማታ ማታ ሀዲያ መንገደኞቿን ሁሉ ጫማ ታስወልቃለች፤ ተንበርክካ ተረከዝ ትጫናለች፣ በጣቶች መካከል ታያለች። አባቷ ዘንድ ስትደርስ ግን፣ "እኔ ደህና ነኝ፣ ሌሎቹን እዪ" ይላታል። አባቷን በባዕድ ሰው ፊት፣ "አይ፣ አውልቅ" ማለት ከአንደበቷ አልወጣ አለ። እያፈረች አለፈችው። በሦስተኛው ቀንም፣ በአራተኛውም።

ነጅሙዲን ራሱም እግሩን አላየውም። መንገደኛ ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን በመታጠብ ፈንታ በካልሲው ላይ በእርጥብ እጁ ቢያብስ ይበቃዋል፤ የተፈቀደው ግን ለሦስት ቀንና ሌሊት ብቻ ነው። ከዚያ ማውለቅና መታጠብ ግድ ነው። ነጅሙዲን ካልሲውን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት እንዳጠለቀ አላወለቀውም። በዚያ አገር በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም። ፀሐይ ካልጠለቀች ቀኑ መች አለቀ ብሎ ለራሱ ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብያኔ ሰጠ። አላህንም ልጁንም አንድ ላይ እያታለለ መሆኑን ልቡ ያውቃል፤ ፈራ፣ ግን አላወለቀም።

ቀትር ላይ ወንዙ ዘንድ ደረሱ። ሌሊቱን ተራራው ላይ ሲዘንብ ያደረው ውሃ ደፍርሶ ይጋልባል፤ ከሥሩ ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም ይሰማል። የሚሻገሩት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ነው። አንዱ ከወደቀ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ሀዲያ ውሃውን በዱላዋ ስትለካ ነጅሙዲን ለዙህር ሶላት ተዘጋጀ። ጫማውን አውልቆ፣ እጁን አርጥቦ ካልሲውን እብስ አደረገ።

ቀና ሲል ልጁ ከፊቱ ቆማለች።

"አባዬ፣ ዛሬ ስንተኛ ቀናችን ነው?"

"ሦስተኛ... እንዲያ ይመስለኛል።"

"አምስተኛ ነው።" ድምፅዋ ቀጠነ። "ሦስት ቀን ብቻ ነው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ለምን አላወለቅከውም?"

"ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ!"

ሀዲያ ዞር ብላ ወንዙን አየች፣ ስድስቱን ፈረንጆች አየች። ከዚያ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። "አውልቅ" አለችው። በሕይወቷ አባቷን ስታዝ የመጀመሪያዋ ነው። ነጅሙዲን ሊቆጣ አፉን ከፈተና ልጁ እጇን ዘርግታ እግሩን ስትጠብቅ አየ። አወለቀ።

ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቆ መጣ። ተረከዙ ተልጦ መግል ቋጥሯል፤ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ላይ ቀይ መስመር ወጥቷል። ግንባሩን ስትነካው ይፋጃል። የድሮዋ ነርስ ቀዩ መስመር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ቁስሉ ወደ ደሙ እየተሰራጨ ነው።

"እሻገራለሁ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አንድ ወንዝ እኮ ነው። ማዶ ደርሰን ትነግሪያቸዋለሽ።"

"መሀል ላይ ብትወድቅስ? እነዚህንስ ሰዎች ይዘህ ብትሄድ?"

ሀዲያ የሳተላይት ስልኩን አውጥታ አለቃዋን ጠራች፤ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፈተችው። አለቃዋ ቦታቸውን፣ የበሽተኛውን ትኩሳት ጠየቃት። ቀጥሎ የፈሩት ጥያቄ መጣ። በየማታው የሁሉንም እግር ቼክ አድርገሻል ወይ?

ነጅሙዲን እጅጌዋን ጨምድዶ ያዘ። "አዎ በይ!" አላት በአማርኛ። መልሷን ሳይጠብቅ ራሱ በእንግሊዝኛ ጮኸ፦ "ጠይቃኛለች! በየቀኑ አውልቅ ብላኛለች! እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ!"

ሀዲያ አባቷን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን አልተናወጠም።

"ስድስቱን አይቻለሁ" አለች። "ሰባተኛውን አላየሁም። አባቴ ስለሆነ አፈርኩ።"

ነጅሙዲን እጅጌዋን ለቀቀ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መሪ ይዞ እንደዚያ ቀጥ ያለ ነገር አላየም፤ ኮራም፣ አንጀቱም ተቃጠለ።

ሄሊኮፕተሩ ከአምስት ሰዓት በኋላ መጥቶ እሱን ብቻ ወሰደው። ሀዲያ መንገደኞቿን ጥላ አትሄድም። ከላይ ሆኖ ሲያያት በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ከጥፍር አትበልጥም ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ፣ ውሃው ጎድሎ ሀዲያና ስድስቱ በሰላም ተሻገሩ እስኪባል ድረስ እህል በአፉ አልዞረም። ተረከዙን ቀድደው አጠቡለት፤ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ሀዲያን ወደ ረዳትነት መለሷት። ራሷ ደውላ ነገረችውና፣ አንዲት የወቀሳ ቃል ሳትጨምር ቻው አለችው። ብትወቅሰኝ ይሻል ነበር ብሎ አለቀሰ፤ ሚስቱ ኸይሪያ ናት ያባበለችው።

በዓመቱ ሰኔ ላይ ኤርፖርት ያደረሳት እሱ ነው፣ በዚያችው በሥራ መኪናው። አሁንም በረዳትነት ነው የምትሄደው። ቦርሳዋን አውርዳ፣ "በል አባዬ፣ ደህና ነህ አይደል?" አለችው።

ደህና ሊል ነበር፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ተወው። የመኪናው መወጣጫ ደረጃ ላይ ቁጭ አለና የግራ ጫማውን ፈታ፣ ካልሲውን አወለቀ። ሻንጣ የሚጎትተው ሕዝብ ዓይኑን አፈጠጠ። ትራፊክ አስተናባሪው እየጮኸ መጣ።

"አንድ ደቂቃ" አለው ነጅሙዲን በእንግሊዝኛ። "ቼክ እየተደረግኩ ነው።"

ሀዲያ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች። ተረከዙን ተጫነች፣ በጣቶቹ መካከል አንድ በአንድ አየች።

"ቀኙንም" አለችው።

ነጅሙዲን ቀኙንም አወለቀ።