የእትዬ እግርና የመኪናዋ ወለል

ሰው ማመስገን አይሆንልኝም። አፌ መራራ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ካለ ገና ዛሬ ከአውቶቡስ የወረደ እንግዳ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ከጎልማሶች ጋር አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ስለሆነ ቃል ማሳመርም አላውቅበትም። ያየሁትን እጽፋለሁ። ካየኋቸው ሰዎች መካከል ደግሞ ሊጻፍላቸው የሚገባ አንዲት የማሾ ነጋዴ አሉ።

እትዬ ነበር የምላቸው። ባላቸው ሲሞቱ ንግዱንም፣ ገጠር የምትወጣውን አሮጌ መኪናም፣ ሾፌሩን እኔንም አንድ ላይ ወረሱ። «ከሦስቱ የትኛው አስቸገረሽ?» ሲሏቸው በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

ከሸዋ ሮቢት ተነስተን ወደ ቀወት ቆላ እየወረድን ከገበሬው ማሾ እንሰበስባለን። የማጀቴ ገበያ ሲሆን ደግሞ እዚያ ድረስ እንዘልቃለን። እትዬ ሁልጊዜ ከፊት፣ ከጎኔ ናቸው። ሚዛኑን ለማንም አያምኑም። ማሾውን በጥርሳቸው ሰብረው መድረቁን ይለያሉ፤ ካልደረቀ ባለቤቱ አጎታቸው ቢሆንም ከነጆንያው ይመልሱታል። አጎትየው ሲቆጡ፣ «አጎቴን እወዳለሁ፣ እርጥብ ማሾ ግን ዘመዴ አይደለም» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ስኳር አለባቸው። ስኳሩ እግራቸውን አደንዝዞታል፤ እሾህ ቢወጋቸው የሚያውቁት ደሙን ሲያዩ ነው።

የመኪናዋ ማርሚታ፣ ማለት የሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ቱቦ፣ የሚያልፈው ልክ በእሳቸው እግር ሥር ነው። አሸዋ ላይ በከባድ ማርሽ ሲጎተት ቱቦው ይግላል፤ ወለሉም አብሮት ይግላል። አገሩ ራሱ ምድጃ ነውና ወለል ሞቀ ብሎ የሚደነግጥ የለም። እኛ ቆላ የሞቀ ነገር መድኃኒቱ አንድ ነው፤ እርጥብ ጆንያ። የውሃ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል፣ ጫት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናል፣ የጋለ የመኪና ወለል ላይም እርጥብ ጆንያ ይነጠፋል። ወደ ገጠር የሚወጣ ሾፌር ሁሉ ያደርገዋል። እትዬም ጠዋት ገና በሩን ሳይዘጉ፣ «ጆንያውን ውሃ አጠጣኸው?» ይሉኛል። አጠጥቼዋለሁ እላለሁ። እንሄዳለን።

አንድ ቀን ከቆላ ስንመለስ የወንዙ አሸዋ ያዘን። ጭነቱ ሙሉ ነበር። ሞተሩን እያስጮህኩ፣ ወደፊት ወደኋላ እያልኩ ታግዬ አወጣኋት። ዳገቱን እንደጀመርን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

«እትዬ፣ ይሸትዎታል?»

«ያንተ ፍሬን ነዋ! ረግጠህ ረግጠህ ገደልከው።»

«የፍሬን ሽታ አይደለም። እስቲ እግርዎን ያንሱ።»

«አነሳሁት እኮ!»

አላነሱትም። ያነሱት መስሏቸው ነው። አቁሜ፣ ዞሬ በራቸውን ስከፍት የቀኝ እግራቸው ኮንጎ ጫማ ቀልጦ ጆንያው ላይ ተጣብቋል። ጆንያው ራሱ ደርቆ ጠርዙ ጠቁሯል። እግራቸውን ቀስ ብዬ ከጫማው ሳወጣው መርገጫው ውሃ ቋጥሯል፤ ከጣታቸው ሥር ደግሞ ቆዳው ተልጧል። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው፣ የሰው እግር እንደሚያይ ሰው አገላብጠው አዩትና፣

«ወላሂ፣ ሽንብራም እንዲህ አይቆላ» አሉ።

ጤና ጣቢያ ስወስዳቸው ግን ነርሷ ቀልድ አልፈለገችም። ቁስሉን አጥባ ሸፈነችውና ቆጣ ብላ ተናገረች።

«እማማ፣ የስኳር ቁስል ነው ይሄ። ካመረቀዘ፣ ወይ ሌላ ቃጠሎ ከተደረበበት እግርዎን ነው የሚያጡት። እስኪደርቅ ቤት ይቀመጡ።»

«ማሾው ይጠብቀኛል?»

«እግርዎ ይጠብቅዎት መጀመሪያ።»

እትዬ ትከሻዬን ተደግፈው ወጡ። መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ እግራቸውን ጆንያ ላይ ዘርግተው ከተቀመጡ በኋላ ቁርጡን ነገሩኝ። «እስኪደርቅ እቀመጣለሁ። ሲደርቅ እወጣለሁ። እግሬ ሙቀት አይነግረኝም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ራሱ እንዳይመጣ ማድረግ ነው። ነገ ጋራዥ እንሂድ።»

«እርስዎ ቤት ይቀመጡ አልተባሉም?»

«ጋራዥም መቀመጫ አለ።»

ሄዱም። የጋራዡ ኒም ዛፍ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የታሸገውን እግራቸውን የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ሰቅለው እንደ ዳኛ ይመለከቱ ጀመር። ቆርቆሮ የሚቀጠቅጠው፣ እኛ ባትላሜራ የምንለው ሰውዬ፣ ጆንያውን አንስቶ ወለሉን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ጣቱ በሳው። ላሜራው በዝገት ተበልቶ እንደ ደረቅ ቅጠል ሳስቷል።

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና ማነው ውሃ ሲያጠጣት የኖረው? ጎመን ተክላችሁባታል እንዴ?»

ጋራዡ ሙሉ ሰው ሳቀ። ሁሉም ወደ እኔ ያያል።

«እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ከዛፉ ሥር። «እሱን ተወው። እኔ ያዘዝኩትን ነው ያደረገ።»

ብዙ አሠሪ አይቻለሁ። ጥፋት የመጣ እንደሆነ ጣታቸው ወደ ታች ነው የሚቀሰረው፤ ታች ያለሁት ደግሞ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ንብረቱ የራሱ ሆኖ፣ ሰው በተሰበሰበበት «እኔ ነኝ» ያለ ሰው ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ሄጄ ሻይ አመጣሁላቸው። ያለ ስኳር።

ባትላሜራው ከሥር ገብቶ ጉዱን ሁሉ ዘረገፈው። ማርሚታው ከሞተሩ ወርዶ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ያለው ጋርኒሲዮን፣ ማለት ጭስ እንዳያፈተልክ በብረቶቹ መሀል የሚገባው ስስ መዝጊያ፣ ተቃጥሎ አልቋል፤ ትኩሱ ጭስ በዚያ እያፈተለከ በቀጥታ ወለሉን ነው የሚመታው። ዙሪያው በጥላሸት ጠቁሯል። ወለሉ ሲሳሳ ጭሱ ወደ ውስጥም ይገባ ነበር ማለት ነው። እኔ ራሴን ሲፈልጠኝ የቆላ ፀሐይ ነው እያልኩ ስራገም ኖሬያለሁ።

«ደግሞ እዚህ ጋ ሙቀት የሚመልስ ላሜራ ነበረ። ቡሎኑ ቀርቷል፣ እሱ የለም» አለ ከሥር ሆኖ።

«ይንኳኳል ብሎ የድሮው መካኒክ ፈታው» አልኩት።

«ታዲያ የት ገባ?»

እትዬ ትንሽ አሰቡና በሳቅ ፈረሱ። «ዶሮዎቼ ውሃ የሚጠጡበት እሱ ይሆን እንዴ?»

እሱ ነበር። ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ለዶሮ ተመችቷል። አሁን ግን ዝጎ ተበስቷል፤ አዲስ መቁረጥ ግድ ሆነ። የበሰበሰው ወለል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ተበየደ። ጋርኒሲዮኑ ተቀየረ። ክርክሩ የመጣው ሙቀት በሚመልሰው ላሜራ፣ በመከታው ላይ ነው።

«ከወለሉ ጋር ልጥፍ አድርጌ ነው የምበይደው፤ እንደ ቆዳ። ከዚያ በኋላ አይንኳኳም» አለ ባትላሜራው።

«ልጥፍ?» አሉ እትዬ። «ጎተራ መሬት ላይ ተለጥፎ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጎተራና መኪና ምን አገናኘው እትዬ?»

«ከሥሩ ንፋስ ያላገኘ ጎተራ እህሉ ይሞቃል፤ ድንጋይ ላይ የምናቆመው ለዚህ ነው። አንተም መሀል ላይ ንፋስ ተውልኝ።»

«በሉ እንግዲህ፣ የማሾ ነጋዴ ብየዳ ሊያስተምሩኝ ነው!» አለና እጁን እየጠረገ ዞር አለ። ግን ሰውዬው ግትር አይደለም። ላሜራውን አንስቶ ወለሉ ላይ አስጠጋው፣ አራቀው፣ ተመለከተው። «ሐሳቡስ ልክ ነው። ሙቀቱ ሄዶ ሄዶ ባዶው ላይ ይቀራል። ግን አንኳኳብኝ ብላችሁ እንዳትመጡ።»

«ይንኳኳ! እግሬ ባይሰማ ጆሮዬ ይሰማል። እየተንኳኳ ከሆነ አለ ማለት ነው፤ ዝም ካለ ወድቋል።»

በየቡሎኑ ላይ ወፈር ያሉ ሮንዴላዎች፣ ማለት መሀላቸው ቀዳዳ የሆነ ክብ ብረቶች፣ ደራርቦ፣ በመከታውና በወለሉ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ አሰረው። ቱቦውንም እንዳይነካ አራቀው። ከላይ ደረቅ የጎማ ምንጣፍ ገባ። ጆንያ ቀረ።

እትዬ የነርሷን ቃል ጠብቀው ቤት ተቀመጡ። አልወደዱትም፤ ጎረቤቱን ሁሉ አሰለቹት። በመሀል እኔ ጭነት ይዤ ያንኑ አሸዋ ደጋግሜ አቋረጥኩ። ወለሉ አልጋለም ስላቸው ግን አላመኑኝም። ቁስሉ ደርቆ፣ ነርሷ አይታ ከፈቀደች በኋላ፣ በማጀቴው የመጀመሪያ መንገድ ሕግ አወጡ፤ በቆምን ቁጥር እኔ ጫማዬን አውልቄ፣ በባዶ እግሬ እሳቸው የሚረግጡበት ቦታ ላይ መቆም አለብኝ።

«አይሞቅም እትዬ፣ ነገርኩዎት እኮ።»

«አፍህን ማን ጠየቀው? እኔ የማየው ፊትህን ነው። እንዳንተ ያለ ኮስታራ ሰው ሲያቃጥለው መደበቅ አይችልም።»

መንገደኛ እያየን ጎንበስ ብዬ ገብቼ በባዶ እግሬ ቆምኩ። ከበድ ያለውን ዳገት ጨርሰን ነበር። እሳቸው ውጭ ቆመው፣ ማሾ እንደሚመርጡ ዓይናቸውን አጥብበው ፊቴን አዩት። ከእግሬ ሥር ለብ ያለ ጎማና አቧራ እንጂ ሌላ አልነበረም። ወደ ኋላ ገፋ አድርገው አወጡኝና ገቡ።

«ንዳ፣ ገበያው ሊበተን ነው።»

ማጀቴ ስንደርስ ሳይወርዱ በፊት ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው አዙረው መርገጫውን አዩት። አዲሱ ቆዳ እንደነበረ ነው፤ ቀይ የለም፣ ውሃ የቋጠረ የለም። በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉት።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኔ አልነበረም የተናገሩት።

ከዚያ ጫማቸውን አጠለቁና ሚዛኑን ከኋላ እንዳወርድ አዘዙኝ። ሚዛኑን ተሸክሜ ቀና ስል እሳቸው ቀድመውኝ ገበሬዎቹ መካከል ገብተው፣ ከአንዱ ጆንያ ማሾ ዘግነው በጥርሳቸው ሰብረዋል፤ ባለቤቱን እየተሳደቡ።