ቁሐር ሚካኤል ላይ የሚጠፋው ሞተር

ወረታ ጋራዥ ሥራ በጀመርሁበት ቀን አለቃዬ ጋሼ ደሴ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ መኪና ሲገባ ከሰላምታው በፊት ኮፈኑን ክፈት። ባለመኪና ብዙ ያወራል፣ ሞተር ግን አይዋሽም ይሉ ነበር። እኔም የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ ስኖር እጄ ከአፌ እየቀደመ ኮፈን ስከፍት ኖርሁ።

አገሪቱን ለሃያ ሰባት ዓመት የገዛው ግንባር ሥልጣን ላይ በነበረባቸው የመጨረሻ ዓመታት መምህርት አስቴር የምትባል ከአዲስ አበባ ተዛውራ የመጣች አስተማሪ አንዲት አውቶማቲክ መኪና ይዛ መጣች። እናቷን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዛዬ ፍል ውኃ ትወስዳቸዋለች። ቁሐር ሚካኤል ላይ ከብት መንገድ ዘግቶ ስትቆም ግን ሞተሩ ድርግም ይላል። ቁልፍ ብታዞር አይነሳም። ሁለት ጊዜ ሩዝ የሚያርሙ ገበሬዎች ገፍተው ከመንገድ አውጥተውላታል።

ኮፈኑን ከፈትሁ። ሞተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ካንዴላ ለወጥሁ፣ የባትሪ ራስ አጸዳሁ፣ ሞተር የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርጄ ፈተሽሁ። በማግሥቱም እንዲሁ። ደህና ነው ብዬ ሰጠኋት። ቅዳሜ እዚያው ቦታ ጠፋ። አፈርሁ።

ሰኞ ስትመጣ ድምፅዋ ቀዝቅዞ ነበር።

«ሐሙሲት ላይ ገዥ አግኝቻለሁ፤ ነገ ልሸጣት ነው። እማዬን ሜዳ ላይ ማስቀረት ሰልችቶኛል» አለችኝ። ቀጥላም «ለመሆኑ ጋሼ፣ አንድ ቀን እንኳ አብረውኝ ሄደው አይተውታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከጎኗ ገብቼ ተቀመጥሁ። አብረዋት የመጡት እናቷም እኔም እሄዳለሁ ብለው ከኋላ ገቡ።

ቁሐር ስንደርስ የፎገራ ላሞች እንደ ልማዳቸው መንገዱን ሞልተውታል። ፍሬን ያዘች፤ ሞተሩ ጠፋ። ወዲያው እጇን የመቀመጫ ቀበቶዋ መፍቻ ላይ አሳረፈች። ዳሽቦርዱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት በራች። ባሕር ዳር ያለ የሙያ ባልደረባዬ ሲቆሙ በራሳቸው የሚጠፉ መኪኖች መጥተዋል ያለኝ ትዝ አለኝ።

«ቀበቶውን አትፍቺ፤ ቁልፉንም አትንኪ። ከብቱ ሲያልፍ እግርሽን ከፍሬኑ ላይ አንሺ ብቻ» አልኋት።

እግሯን ስታነሳ ሞተሩ በራሱ ተነሳ።

«መኪናይቱ እኮ ለላሞቹ አክብራ ነው የቆመች» አሉ እናትየው። ሦስታችንም ሳቅን፤ ከሁሉ ይበልጥ እኔ ሳቅሁ፣ ቀሎኝ ነበርና።

ተመልሰን በጋለ ሞተር ፈተሽሁት። ሞተሩ ከጋለ በኋላ መኪናዋ ስትቆም ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተሩን ራሷ ታጠፋለች፣ ራሷ ታስነሳለች። አስቴር እየደነገጠች ቀበቶ ስትፈታ ግን ራሷ የማስነሳቱ ነገር ይሰረዛል፤ ካምቢዮውን ወደ ማቆሚያው ሳትመልስ ደግሞ ቁልፍ አይሠራም። ኮፈን ሲከፈት ይህ አሠራር በሙሉ ይቆማል፤ የሠራተኛ እጅ እንዳይጎዳ ነው። ስለዚህ እኔ ብልሽቱን እየፈለግሁ ራሴ ስደብቀው ነበር የከረምሁት።

የለወጥሁት ካንዴላ እንኳ ጤነኛ ነበር፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኋት። ሐሙሲት ላለው ገዥ ደውላ ሽያጩን ተወችው፤ ቅዳሜም እናቷን ይዛ ወንዛዬ ሄደች።

ሙያውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው። ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ከባለመኪናው ጎን ተቀመጡ፣ ጠፋ ወደተባለበት ቦታም አብራችሁ ሂዱ።