ሽማግሌ የላክንበት ባንክ

ባለፈው የካቲት ልጄ ሊያ ሶፋ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ በስልኳ የዓመቱን የታክስ ቅጽ እየሞላች ታክሷን ትሠራ ነበር። እኔ አጠገቧ ምስር እየለቀምኩ በጎን አያለሁ። «የአገልግሎት ክፍያው ከሪፈንድሽ ላይ ይቆረጥ?» የሚል ጥያቄ መጣላትና ጣቷን ልታሳርፍበት ስትል ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። ምስሩ ምንጣፉ ላይ ተበተነ።

«ማም፣ ሪላክስ» አለችኝ። እዚህ በሰው አገር የተወለዱ ልጆች እናታቸው ስትቆጣ የሚሏት ይህችኑ ነው። በዚህ ነገር ሪላክስ ማድረግ ካቆምኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ምን ቀረኝ! ክፍያውን ከራሴ ካርድ ከፍዬ ስልኳን መለስኩላት። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፤ ማውራት ከጀመርኩ ደሜ ይፈላል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ከሁለት ሴቶች ጋር አንድ አፓርታማ ተከራይቼ፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራ ነበር። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። መድኃኒት መስጠት ግን የነርሶቹ ነው፤ እኔ የሚያወራርዱበትን የውኃ ብርጭቆ እይዛለሁ። ነርስ ልሁን ብዬ ተፈተንኩና አለፍኩ፤ ትምህርት ቤቱም ቦታ ያዘልኝ። የቀረኝ ሚያዝያ ሳያልቅ የመጀመሪያውን ተርም መክፈል ብቻ ነበር። ለዚያ የተማመንኩት ሪፈንዴን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ከደሞዜ በትርፍ የተቆረጠውን ታክስ መንግሥት የሚመልስልኝን።

ታክሳችንን የሚሠራው አቶ ግርማ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ በርበሬና የስልክ ካርድ ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረችው። ሰው አክባሪ ነው፤ ትኩስ ሳምቡሳ ሳያስበላ ማንንም አይሸኝም። «ከኪስሽ አምስት ሳንቲም አታወጪም» አለኝ። «ባንኩ ገንዘብሽን ከመንግሥት ይቀበልልሻል፤ የእኔን ዋጋ ይቆርጥና የቀረውን በቼክ ይሰጥሻል።» የምን ባንክ ብዬ አልጠየቅኩም። የአገር ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ወረቀት ማገላበጥ እኛ ዘንድ «አላምንህም» ማለት ነው። በአንድ እጄ ሳምቡሳ ይዤ በሌላው ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ። መንግሥት ጋ ስደውል «ገንዘቡን ልከናል» ይሉኛል። ባንኩ ጋ ስደውል «እያጣራን ነው፣ ታክስ ሠሪሽን ጠይቂ» ይሉኛል። ግርማን ስጠይቀው «ባንኩን ጠብቂ» ይለኛል። ምኑን ነው የሚያጣሩት? ላቡ የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ! በረዶው እየቀለጠ መንገዱ ሁሉ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፤ ከሥራ ስወጣ አሥራ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጫማዬ ውኃ እንደቋጠረ ግርማ በር ላይ እቆማለሁ። ለምን አልተበደርሽም የሚል ይኖራል። ከማን? በዚያ ወቅት የማውቀው ሰው ሁሉ የራሱን ሪፈንድ ይጠብቃል። እቁቤም በጥር ደርሶኝ ለእናቴ መታከሚያ ልኬዋለሁ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ሱቁ በሰው እንደተሞላ ግርማን «ሌባ» አልኩት። በማግስቱ ጋሽ ደበላ ደወሉልኝ። ጋሽ ደበላ የወለጋ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፣ የእኛን ሰው ጠብ ሁሉ የሚያበርዱትም እሳቸው ናቸው። «ቅዳሜ ግርማ ቢሮ ትመጫለሽ» አሉኝ። እምቢ ማለት አይታሰብም።

ቅዳሜ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ግርማን ሰሙ። ግርማ ገንዘቡን በዓይኑ እንዳላየው በልጆቹ ማለ። ጋሽ ደበላ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ጠቡ ከባንኩ ጋር ነው» አሉ። «የት ነው ያለው? ሄደን እናነጋግረው።»

«ጋሼ፣ ሌላ ስቴት ነው» አለ ግርማ።

«እዚህ ሰው የለውም?»

«የለውም። ስልክ ብቻ ነው ያለው።»

«እንግዲያው ደውል።»

ግርማ ደውሎ ስፒከር ላይ አደረገው። ሙዚቃ መጣ። ጋሽ ደበላ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ሰው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ሌሎቹም አወለቁ። ሙዚቃው አልቆ እንደገና ጀመረ። ሳምቡሳው ቀዘቀዘ፣ የነካው ሰው የለም። በመጨረሻ አንዲት ሴት አነሣች። ጋሽ ደበላ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው በታክሲ እንግሊዝኛቸው «እህቴ፣ ደህና ዋልሽ? እኛ ሽማግሌዎች ነን፤ ይህችን ልጅና እናንተን ልናስታርቅ ነው» አሏት።

«ባለገንዘቡ እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም፤ ሽማግሌ ነኝ።»

«ከባለገንዘቡ ሌላ ማነጋገር አንችልም።»

እኔ ቀረብኩና ስሜን ተናገርኩ። እያጣራን ነው፣ ታክስ ሠሪሽን ጠይቂ አለችኝ። «ታክስ ሠሪዬ እዚሁ አጠገቤ ተቀምጧል» አልኳት። መልካም ቀን ተመኝታልን ዘጋችው።

ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቀዋል የሚባልላቸው ሰውዬ፣ ኮፍያቸውን እንደያዙ ስልኩን ሲያዩት ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ አንጀቴ ያርራል። «ማን እንደሆንን እንኳ አልጠየቀችንም» አሉ።

ሽማግሌ ደግሞ ባዶ እጁን አይነሣም። የተገኘነው እኔና ግርማ ነን፤ ስለዚህ እኛን አስታረቁ። ግርማ ተነሥቶ ጉልበቴ ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት።

«ይቅር በይው፣ ልጄ» አሉኝ ጋሽ ደበላ።

«እሱን ይቅር ብል ባንኩ ይከፍለኛል?»

«አይከፍልሽም። ግን አብራችሁ የምትኖሩት አንቺና እሱ ናችሁ።»

ይቅር አልኩት። መረቁን፣ አሜን አልን።

ሚያዝያ አለቀ፤ ትምህርት ቤቱ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጠ። ቼኩ በሰኔ መጣ። ክፍያቸውን ሳንቲም ሳያጎድሉ ቆርጠዋል፤ ስለዘገዩበት ግን አንዲት ቃል የለችበትም። በዓመቱ እንደገና ልሞክር ስል ሊያን አረገዝኩ። ከዚያ የልጅ ወጪ መጣ፣ ከዚያ የመኪና፣ ከዚያ የቤት። ነርስ አልሆንኩም። ዛሬም ልጄን የሚያክሉ ነርሶች መድኃኒት ሲሰጡ ብርጭቆውን እይዛለሁ።

ግርማ አሁን አርጅቷል። ሳገኘው ጉንጩን የምስመው ከልቤ ነው፤ አጠፋሁ ብሎኛል፣ አልቋል። ባንኩ ግን አጠፋሁ አላለኝም፤ ተሸጦ ይሁን ስሙን ቀይሮ እንኳ አላውቅም። ይቅርታ የሚጠይቀኝ ስላጣሁ ንዴቱ እኔው ዘንድ ቀረ። የባንኩን በር የሚያሳየኝ ሰው ካለ ዛሬም እሄዳለሁ፤ የሥራ ልብሴን እንኳ አልቀይርም።