የውሃው እርሾ

ኸይረዲን «ምን ስትሠራ ኖርክ?» ሲሉት መልሱ ያስቸግረዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሻርጃ ኖሮ የመጣ ሰው ሹፌር ነበርኩ፣ ወይ ዘበኛ ነበርኩ ካለ ቆቦ ውስጥ ሌላ ጥያቄ የለም። እሱ ግን «የጨው ውሃ አጣራ ነበር» ይላል።

«ለምን?»

«ለኮራል።»

«ኮራል ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ የሚመስል፣ ግን ነፍስ ያለው፣ ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ።»

እዚህ ላይ ጠያቂው የሻይ ብርጭቆውን ያስቀምጥና ጎኑ ያለውን ሰው ያያል። «ድንጋይ አጣቢው» የሚል ስም ወጣለት። ዞብል ተራራ ሥር ተወልዶ ድንጋይ ፍለጋ ባሕር ተሻገረ እያሉ ይስቁበታል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ኮራል ለጌጥ ገንዳ የሚሸጠው ድርጅት መጋዘን ውስጥ ሃያ ሺህ ሊትር የጨው ውሃ አለ፤ በላስቲክ ታሽገው፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውሮፕላን ተንገላተው የሚመጡት ኮራሎች መጀመሪያ የሚያርፉት እዚያ ነው። መንገድ የጎዳው ኮራል ልጋጉን ይለቃል፤ የሞተውም እዚያው ይበሰብሳል፤ ካልተጣራ ውሃው ሳይውል ሳያድር መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው ቀኑን ሙሉ ይዞራል። መጀመሪያ በጨርቅ ከረጢት አልፎ ጉድፉን ይጥላል። ቀጥሎ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሰፊ ቱቦ ውስጥ ይገባል፤ ከታች አየር ይነፋበታል፤ የሚነሳው አረፋ ልጋጉን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ይደፋል። መጨረሻ ላይ ቀዳዳ የበዛባቸው የሸክላ ጠጠሮች የሞሉበት በርሜል አለ። ጠጠሮቹ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይኖራሉ፤ መርዙን የሚበሉት እነሱ ናቸው። እስኪባዙ ከወር በላይ ይፈጃሉ፤ ከሞቱ ግን የቀረው ማጣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው። ኸይረዲን በርሜሉ ላይ በትልቁ «እርሾ» ብሎ በአማርኛ ጽፎበት ነበር። ሌላ ምን ብሎ ይጻፍ?

እናቱ ሲታመሙ መጣ። ስምንት ወር አስታመመ፤ ከዚያ ቀበረ። ከአገሩ ወጥቶ ስድስት ወር የቆየ ሰው ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይቃጠላልና የእሱም ተቃጠለ። አሁን በእናቱ ቤት ብቻውን ነው። በሮቢት መንገድ የሽንኩርት እርሻ ላይ የጉድጓድ ውሃ ማጣሪያ ይጠብቃል፤ አሸዋውን አጥቦ፣ ወንፊቱን አራግፎ ሲጨርስ ገና ረፋድ ነው። ማታ ሲገባ የሚያናግረው የለም። ጎረቤቱ እትዬ ዘሊካ አንዳንዴ ብቅ ይላሉ። ስለ አረፋውና ስለ ጠጠሩ ያወራላቸዋል፤ እሳቸውም «አብሽር ልጄ፣ ያልፋል» ይሉታል። ያልፋል የሚሉት ነገር ግን ለእሱ ቢመለስ የሚወደው ነበር።

ሚያዝያ ላይ የሻርጃው አለቃው የድምፅ መልእክት ላከለት። «የተካችህ ልጅ አልቻለችውም መሰለኝ። ሐሙስ ትልቅ ጭነት ይገባል። ኮራሉ ካለቀባት እሷን አሰናብቼ ላንተ ቪዛ አወጣለሁ። ከቻለችው ግን ሁለት ሰው አልቀጥርም፤ እወቀው።» ኸይረዲን አራት ጊዜ ሰማው። ለእትዬ ዘሊካም ነገራቸው፤ ኢንሻ አላህ አሉ።

ቅዳሜ ከዙህር ሶላት በኋላ እርሻው ላይ እያለ ስልኩ ጮኸ። የሻርጃ ቁጥር ነው። ሁለቴ ዝም አለው። በሦስተኛው አነሳ።

«ጋሼ ኸይረዲን፣ ሊድያ ነኝ። ቢሮውን አጸዳ የነበርኩት የደብረ ብርሃኗ። አሁን ያንተን ሥራ ይዣለሁ። ኮራሎቹ እየሞቱብኝ ነው።»

«ምን አደረግሽ?»

«ምንም። እንዲያውም ጭነቱ ሳይገባ ሁሉን ነገር አጽድቼ ነው የጠበቅኩት። ከረጢቶቹን፣ ቱቦውን፣ በርሜሉን።»

«የቱን በርሜል?»

«እርሾ የሚለውን። ጠጠሩ ቡናማ አተላ ይዟል። ማን ነው እዚህ እርሾ አስቀምጦ የረሳው ብዬ በቧንቧ ውሃ ፈግፍጌ አጠብኩት።»

ኸይረዲን ዓይኑን ጨፈነ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ከነዚያ ነፍሳት የተረፈ እንደሌለ አወቀ። መድኃኒቱንም አወቀ። አፉ ግን «ውሃውን ሩቡን ቀይሪ፣ ለአረፋው አየር ጨምሪለት» አለና ስልኩን ዘጋ። ውሸት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ኮራሎቹ እስከ ሰኞ ይቆያሉ፣ ከዚያ ያልቃሉ። እሱም ይሄዳል።

ሸይጣን አሳሳተኝ እንዳይል፣ የተናገረው በገዛ አፉ ነው። ሽንኩርቱ መሃል ቆሞ የዐስርን ሶላት ሰገደ፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደደረሰ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ። ያቺ ልጅ ሰነፍ ብትሆን ኖሮ እኮ አንድም አይሞትባትም ነበር። ጠንቃቃ ስለሆነች አጠበችው። ቃሉን የጻፈው ደግሞ እሱ ነው፤ የአገሩ ልጅ ትመጣና ታነበዋለች ብሎ መች አሰበ? አፈረ፤ በጣም አፈረ። ራሱ ደወለላት።

«ሊድያ፣ ቅድም ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እቤታችሁ ቡሃቃ ሲታጠብ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኛ እንጀራ ከሱቅ ነው የምንገዛው፣ ጋሼ።»

«በይ ስሚኝ። ቡሃቃ ተፈግፍጎ አይታጠብም። ከሥሩ የሚቀረው እርሾ ነው የሚቀጥለውን ሊጥ የሚያቦካው። ያ በርሜልም እንደዚያው ነው። አተላ ነው ብለሽ የደፋሽው እርሾውን ነው።»

 

«አለቀልኝ በለኛ።»

«አላለቀልሽም። እርሾ ያለቀበት ሰው ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል... ከጎረቤት ይለምናል?»

«ጎበዝ። ከግድግዳው ወዲያ የባሕር ዓሣ ክፍል አለ። እዚያ ያለው ሕንዳዊ የራሱን በርሜል ሳያጥብ ሰባት ዓመቱ ነው። ሁለት ባልዲ ጠጠር ስጠኝ በይው፤ ኸይረዲን ነው የላከኝ በይው። ከራሱ ውሃ ጋር አምጪው፣ እንዳይደርቅ፣ ቧንቧ እንዳይነካው። የሞተውን ኮራል ሁሉ ዛሬውኑ አውጪ፣ አትሳሺ። ውሃውን በየቀኑ እየለካሽ ንገሪኝ።»

ነገረችው። አሥር ቀን ሙሉ በየቀኑ ደወለች። መርዙ ስንት እንደሆነ፣ አረፋው ምን እንደሚመስል፣ ከረጢቱን በየስንት ሰዓቱ እንደቀየረች ትነግረዋለች፤ እሱም ይጠይቃል፣ ይቆጣል፣ ያስቃታል። «ኧረ ጋሼ፣ ለድንጋይ እንዲህ ትቆጣለህ?» ትለዋለች፤ ከሷ ሲሰማው አያመውም። ከመጣ ጀምሮ ስለ ሥራው የሚሰማው ሰው ያገኘው በዚያ አሥር ቀን ብቻ ነው። ስልኩን ጠዋት ሞልቶ ይወጣል፤ ኔትዎርክ ከጠፋ ጉብታው ላይ ይወጣል። ቪዛውን የረሳበት ቀንም ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወለች። መርዙ ዜሮ ገብቷል። ከተረፉት ኮራሎች ብዙዎቹ እንደ አበባ ተከፍተዋል፣ ቀለማቸው መጥቷል። አለቃው መጥቶ አየና ውሏን አደሰላት።

«አንተ ባትኖር አልቆልኝ ነበር» አለች። «በጣም ጨቀጨቅኩህ። አሁን ሁሉን ስለያዝኩት ከእንግዲህ አላስቸግርህም፣ ጋሼ።»

ጨቅጭቂኝ ሊላት ነበር። የምሩን። 

«ኧረ ምን ችግር አለው» አላት። «በርቺ።»

ከዚያ ወዲያ አልደወለችም፤ ምን ብላ ትደውል? ሳምንት አለፈ። አርብ ከጁምዓ መልስ እትዬ ዘሊካ በሩ ላይ አገኙት።

«መቼ ነው ታዲያ መንገድህ? ያ የሻርጃው ነገር እንዴት ሆነ?»

«ቀረ፣ እትዬ። የተካችኝ ልጅ ሥራውን ቻለችው።»

«ይኸን ሁሉ ዓመት ያንተ ያልከውን ሥራ? ማን አስተማራት?»

«እኔ» አላቸው።

እትዬ ዘሊካ አብሽር አላሉም። ነጠላቸውን ሰብስበው በሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እሱም አጠገባቸው ተቀመጠ።