የማይፋቀው ዜማ

ለደንበኛ የምነግረውን ራሴ ብሰማ ኖሮ ዛሬ እንዲህ አልንገበገብም ነበር። ላሊበላ ውስጥ ከባጃጅ ተራው ዝቅ ብሎ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ኤስኤስዲ የሚባለውን የኮምፒውተር ማከማቻ ዲስክ ሊገዛ ለሚመጣ ሁሉ ይህንኑ እደጋግማለሁ፦ ቢያነቡበት አይጎዳም፤ የሚጎዳው መጻፍ ነው። በጻፍህበትና ባጠፋህ ቁጥር ዕድሜው ይቀንሳል። በተለይ ከጥበቃ ካሜራ የወጣ እንዳትገዛ፤ ሌት ተቀን ሲጻፍበት የኖረ ነው። እንዲህ እያልሁ እኔው ራሴ፣ ቱሪስት ጠፍቶ ከተዘጋ ሆቴል ካሜራ የወጣውን ላፕቶፔ ላይ ገጠምሁት። አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣልኝ ብዬ ነው። ላዩ ንጹሕ ነበር። ኤስኤስዲ ሲያረጅ ላዩ ላይ አይታይም።

ያን ሰሞን በዚሁ ላፕቶፕ የኔታን እቀርጽ ነበር። ልጅ ሆኜ ዜማ ያስተማሩኝ፣ እኔ ግን ሳልዘልቅ ጥያቸው የወጣሁ መምህሬ ናቸው። ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉት፣ ምልክቱ በመጽሐፍ ያልሰፈረ አንድ ረጅም ዜማ ነበራቸው። እስከ መጨረሻው የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ድምፃቸው እየደከመ ስለሄደ በቪዲዮ እናስቀረው ተባባልን።

መከራዬ እዚህ ላይ ጀመረ። በዜማ ቤት የሳተ ተማሪ ከመነሻው ይጀምራል፤ የኔታም ይህን ሥርዓት ለራሳቸው አላላሉትም። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተቀምጠው ይጀምራሉ። ሊጨርሱ ትንሽ ሲቀራቸው አንዲት ቦታ ላይ ዝቅ ማለት ሲገባቸው ከፍ ይላሉ።

«ፋቀው» ይሉኛል።

«የኔታ፣ የሳቱትን ብቻ ቆርጬ ልክ የሆነውን ልቀጥልበት።»

«እራፊ ልትጥፍበት ነው? ፋቀውና ከመነሻው።»

ዐይናቸው እያየ አጠፋዋለሁ። ትልልቅ ቪዲዮ ነው፤ በየቀኑ ይጻፋል፣ በየቀኑ ይጠፋል። የተሳሳተው ሁሉ ስለሚጠፋ ሌላ ቦታ የምገለብጠው እንኳ አልነበረኝም። የዲስኩን ጤና የሚያሳየው ፕሮግራም መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ሆነ። አንድ ቀን ላስረዳቸው ሞከርሁ፦ «ይሄን እንደ ብራና ይዩት፣ የኔታ። አብዝተው ቢፍቁት ይበሳል።»

«ብራና የሚበሳው ፋቂው ሲቸኩል ነው» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ግን ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። ቀዩን እያየሁ ነገ እገዛለሁ፣ ነገ እገዛለሁ ያልሁት እኔ ነኝ።

አንድ ማክሰኞ ያቺን ቦታ ስተውም እስከ መጨረሻው አዚመው እንዳበቁ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለሆነ የዕለቱን ስሕተት ሳላጠፋ ወጣሁ። በማግስቱ የኔታ እንደ ጉልምስናቸው ዘመን አዜሙ። ያቺን ቦታ ዝቅ ብለው አለፏት። እኔ ግን ስክሪኑ ላይ ነበርሁ፤ ቀረጻው መሐል ላይ ቀጥ ብሏል። ላስቆማቸው አልደፈርሁም፤ ምናልባት ይነቃ ይሆናል አልሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ትዝ ያለኝ ሲጨርሱ ነው።

«ያዘው?» አሉኝ ግንባራቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«አልያዘውም፣ የኔታ።»

ዲስኩ መጻፍ አቁሟል፤ የሚቻለው ማንበብ ብቻ ሆኗል። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳስነሣው የዛሬው ቀረጻ የለም። የትናንቱ፣ የሳቱበት፣ ከዳር እስከ ዳር አለ።

«እሱንም ፋቀው» አሉኝ።

አጠፋሁት፤ ከስክሪኑ ሄደ። ላፕቶፑን ዘግቼ ስከፍተው ተመልሶ አለ። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ።

«እምቢ አለህ?»

«እምቢ አለኝ።»

«እንግዲያ ስሕተቴን ለልጆቹ ልታወርስልኝ ነው» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ።

ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ቀን አልሆነላቸውም። በስልክም፣ በአዲስ ዲስክም ቀረጽሁ፤ ግማሽ ሳይደርሱ ድምፃቸው ይቆረጥ ጀመር። ክረምቱ ሳይወጣ ዐረፉ።

የሳቱበትን ገልብጬ ለዜማ ቤቱ ሰጠሁ። ሌላ ምን ልስጥ? የት ላይ እንደሳቱም ነገርሁ። ልክ የሆነውን አሳየን ሲሉኝ ግን ከአፌ አልወጣም። ልክ አድርገው ያሉትን አንድ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያን ጊዜም ልቤ ስክሪኑ ላይ ነበር። ባለፈው እሑድ በዚያ በኩል ሳልፍ ተማሪዎቹ ያዜሙታል። እዚያች ቦታ ሲደርሱ ሁሉም አንድ ላይ ከፍ አሉ።