የገና ለት የመታሁት እግር

በማስተምርበት የካምፓላ ትምህርት ቤት፣ በየዓመቱ የምሥረታው በዓል ሲከበር መምህራንና ተማሪዎች ሆኪ ይጋጠማሉ። ዘንድሮ እኔንም "ግባ" ብለው ጫፉ የጎበጠ ዱላ አስያዙኝ። ስጨብጠው መዳፌ አወቀው። ልቤ በልጅነቴ ወደተማርኩባት መንደር፣ ወደ ወገዳ ገባ።

የገና ለት ነበር። ገብስ በታጨደበት ማሳ ላይ ሁለት ቡድን ሆነን፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር በበትር እንለጋለን። የሒሳብ መምህራችንም ጋቢያቸውን ጥለው ገቡ። ዓመቱን ሙሉ በአለንጋ የሚገርፉን እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ያወጡብኝ ሰንበር ጀርባዬ ላይ አልጠፋም ነበር። በገና ጨዋታ ደግሞ የተመታ ሰው አይከስስም፣ ቂምም አይዝም። ሩሯ በአጠገባቸው ስታልፍ በትሬን አንስቼ ቅልጥማቸውን አልኳቸው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ደሙ ነጭ ሱሪያቸውን አራሰው። ዳር ቆሞ ሲያይ የነበረው አባቴ ሊፈነክተኝ ዱላውን ሲያነሳ፣ መምህሩ ከወደቁበት ሆነው፣

"ይተዉት፣ የገና ነው" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በዝግታ ጠየቁኝ። "ሩሯን እያየህ ነበር?"

"አዎ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልገረፉኝም። እያነከሱ አስተማሩኝ።

የካምፓላው ፊሽካ ተነፋ። ትናንት በጓደኞቹ ፊት ያዋረድኩት ተማሪ ዱላውን አንስቶ ወደ እኔ ሮጠ። ኳሷ አጠገቤ ነበረች፤ ዓይኑ ግን እግሬ ላይ ነበር።

መሸሽ እችል ነበር። ቆምኩ።