ሰርቨሩ በር ላይ የቀሩት

ጅቡቲ ውስጥ ዶራሌ ወደብ ለሚገቡ የጭነት መኪናዎች ተራ የሚያሲዝ ድረ ገጽ ሠርቼ ነበር። ምዝገባው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ የትራንዚት ቢሮዎች ሁሉ ያቺን ደቂቃ ጠብቀው እኩል ይገባሉ። በሦስተኛው ሳምንት አቤቱታ መጣ። ለአንዳንዱ ይከፈታል፣ ለሌላው ድርቅ ይላል።

"ለወዳጆችህ ብቻ ነው እንዴ የምትከፍተው?" አለችኝ የወደቡ ሥራ አስኪያጅ በፈረንሳይኛ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

እኔ ደግሞ የጠረጠርኩት ሌላ ሰው ነበር። ከእኔ በፊት ተራውን በመዝገብ ይይዙ የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ በባቡሩ ዘመን ከመጡ ሐበሾች የተወለዱ፣ ካርቲየ 3 የሚባለው የከተማው ሰፈር ሰው። ሥራቸውን ወስጄባቸዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ድረ ገጹን የሚያሠራው ሰርቨር ካለበት ክፍል አጠገብ ተቀምጠው ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፤ ስጠጋ ይከድኑታል። ሽቦ የሚነቅሉ መሰለኝና የክፍሉን ቁልፍ ቀየርኩ። ችግሩ ግን ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ቀጥሎ ባፈሩን፣ ማለትም የሚመጣው መረጃ የሚጠራቀምበትን ቋት አሰፋሁ። ለውጥ የለም። ሥራ አስኪያጇ የይለፍ ቃሌን በሳምንቱ መጨረሻ ለሌላ ሰው እንዳስረክብ አዘዘች። ያን ቀን ትዕግሥቴ አለቀ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሚጽፉት?"

"አንተን ነዋ! ማንን እንደምታስቀር ልይዝህ ነው።"

ደብተሩን ፊቴ ዘረጉት። ሳይከፈትለት ቀርቶ ለእሳቸው የደወለው ቢሮ ሁሉ ከነሰዓቱ ተጽፏል። ቢሮዎቹ በየቀኑ ይለያያሉ፤ ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ናቸው።

"ሆን ብሎ የሚያስቀር ሰው ቢኖር ቢሮ ይመርጥ ነበር" አልኩ።

"እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው" አሉ ሳይወዱ።

ስንት የመግቢያ ጥያቄ እንደተጣለ የሚያሳየውን የሰርቨሩን ቆጣሪ ከፈትኩ። ፕሮግራሙ እስኪያስተናግዳቸው በር ላይ የሚጠብቁት ጥያቄዎች ወረፋ ከአንድ መቶ ሃያ ስምንት በላይ አይችልም፤ የተረፈው ይጣላል። ጣሪያውን ከፍ አደረግኩት። በማግስቱ ግን ያው ሆነ። አዛውንቱ በጎን ያዩኛል። ለካ ፕሮግራሙም የራሱ ጣሪያ አለው፤ ከሁለቱ የሚሠራው ትንሹ ነው። እሱንም ጨመርኩና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣሁት።

በነጋታው የቀረ አልነበረም። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር አዛውንቱ እጃቸውን አነሡ።

"እስቲ ቆጣሪውን አሳየኝ" አሉ። አሳየኋቸው፤ የተጣለ የለም ይላል። ከዚያ በኋላም ለአንድ ወር ያህል በየጠዋቱ እየመጡ ራሳቸው ያዩት ነበር።